በሩን አልከፈትሽም

አቃቂ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ውድ ሶሊያና፣

ስልኬን እንደማታነሺ አውቃለሁ። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አላነሳም ነበር። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በሰኪና ልጅ በሒክማ እጅ ልኬልሻለሁ፤ የከሰዓት ፈረቃ ስትገቡ ሰርቪሱ ውስጥ ትሰጥሻለች። «እጇ ላይ አስቀምጪላት፣ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳትከቺው» ብያታለሁ። አንቺ ቦርሳ ውስጥ የገባ ወረቀት ሳምንት ሙሉ ሳይነበብ እንደሚከርም ማን ይነግረኛል? ሐሙስ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ከዚያ በኋላ ቀድደሽ ብትጥይውም አልቀየምሽም። ነሐሴ ላይ በአደራ ቤተሰብ ድርጅቱ፣ አቶ ፀሐዩ ቢሮ ውስጥ ስለ አንቺ የተነበበው ነገር ውሸት ነው። ለማታውቂው ሰው በሩን አልከፈትሽም። ሳትቆልፊውም አልቀረሽም። ባለሱቋ ሰኪናም ምንም አላለችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ብቻዬን። የቱሉ ዲምቱው ክፍል እንደገና ተለቋል፤ በስምሽም ተይዟል። ሐሙስ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ቃሊቲ ቢሮ ሄደሽ ካልፈረምሽ ግን ለሌላ ልጅ ይሰጣል። በሚቀጥለው ዙር ዕድሜሽ ስለሚያልፍ ሌላ ዕድል የለም።

አሁን ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን ይታየኛል። የታችኛውን ከንፈርሽን ነክሰሽ ዝም ትያለሽ። ብትጮሂ ይሻል ነበር። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ጮኸሽብኝ አታውቂም፤ እኔም ሞኟ ይህንን ለጎረቤት እያወራሁ እኮራበት ነበር።

ድርጅቱ በዘጠኝ ዓመትሽ አምጥቶ ሲሰጠኝ የፈረምኩትን ወረቀት ሰሞኑን ከሳጥን አውጥቼ አነበብኩት። የአደራ ቤተሰብ ማለት ምን እንደሆነ ለሌሎች ሴቶች ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ መሰለሽ! «ጉዲፈቻ አይደለም፣ ልጁ የእናንተ አይሆንም። አሥራ ስምንት ሲሞላው ራሱን እንዲችል አዘጋጅታችሁ ትሸኙታላችሁ።» ስብሰባ ላይ ሻይ እየጠጡ ሲናገሩት ቀላል ነው። ለአንቺም ቢሆን አጀማመሬ ደህና ነበር። መታወቂያሽን ራስሽ እንድታወጪ ወረዳ ላክሁሽ፤ ሦስት ቀን ተመላልሰሽ አወጣሽው። ጤና ጣቢያ ብቻሽን ተሰልፈሽ ታከምሽ። የተቃጠለውን ማከፋፈያ ፈታተሽ ስትጠግኚው በሩ ላይ ቆሜ አየሁሽ፤ «እማ፣ እኔ ኤሌክትሪክ ነው የምማረው» ያልሽኝ ያኔ ነው። የቱሉ ዲምቱው ቤት ደግሞ ለዚሁ የተዘጋጀ ነበር፦ ሦስት ሴት ልጆች ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ዓመት አብረው ይኖራሉ፣ ኮሌጅ ይማራሉ፣ ከዚያ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ኑሮ ይጀምራሉ። ቤቱን ሄደን ያየን ቀን ሦስተኛ ፎቅ በረንዳው ላይ ቆመሽ ስትስቂ አስታውሳለሁ። እኔ «ነፋሱ ይበዛል» አልኩ።

የቀረው የሦስት ቀኑ ሙከራ ብቻ ነበር። ሕጉን እኔው ራሴ የማስተምረው ነው። የአደራ እናት ከቤት ትወጣለች፣ ልጅቷ ሦስት ቀን ብቻዋን ቤቱን ታስተዳድራለች፣ በአራተኛው ቀን እናት ተመልሳ ቅጽ ትሞላለች። በመሃል መምጣት የለም፣ መደወልም የለም።

ሳሪስ እህቴ ቤት እሰነብታለሁ ብዬሽ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ሳሪስ የሄድኩት ግን ለማደር ብቻ ነው። ሦስቱንም ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የነበርኩት ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ሰኪና ሱቅ ውስጥ፣ ከሩዝ ጆንያዎቹ ጀርባ በርጩማ ላይ ነው። ሰኪና መጀመሪያ ስታየኝ ሳቀች። «ወላሂ፣ ሌባ እንኳ እንዲህ አይደበቅም» አለችኝ። ብትስቅም አልከለከለችኝም።

በሁለተኛው ቀን አምስት ሰዓት ገደማ ያ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰውዬ መጣ። አንቺ እኔ ያላየሁት መስሎሽ ስመለስ ሳትነግሪኝ የቀረሽው ሰውዬ። የቆርቆሮ በራችንን ሲያንኳኳ ቆጣሪ አንባቢ መስሎኝ ነበር። «ክፈቺ፣ ቆጣሪ ላይ ነኝ» አለ።

«መታወቂያህን በበሩ ስር አሳልፍልኝ» አልሽው።

«ረስቼው ነው የመጣሁት እህት፣ አንድ ደቂቃ ብቻ።»

«እንግዲያው ይዘኸው ተመለስ።»

ሰውዬው ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ አፉን ወደ በሩ ጠጋ አድርጎ «ብቻሽን ነሽ እንዴ?» አለሽ። ብድግ ብዬ ልወጣ ስል ሰኪና ነጠላዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ተይ! ተይ መሰለች፣ ልጅቷን እያት እስቲ!» አለች በሹክሹክታ። አንቺ ግን ድምፅሽ እንኳ አልተለወጠም። «ወንድሜ ተኝቷል፤ ልቀስቅስልህ?» አልሽው። ሰውዬው በሩን በእርግጫ መትቶ ወረደ። ወንድም የለሽም! ይህን መልስ ማን አስተማረሽ? እኔ አላስተማርኩሽም።

በዚህ አላበቃሽም። ሰውዬው ከዓይን ሲሰወር በሩን ከውጭ ቆልፈሽ ወጣሽና ቤት ለቤት እየዞርሽ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገርሽ። በመጨረሻም ወደ ሰኪና ሱቅ መጣሽ። ጆንያው ስር ጭብጥ ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ እግርሽ ይታየኝ ነበር፣ ያ ሰማያዊ ነጠላ ጫማሽ። «እትዬ ሰኪና፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰውዬ በየበሩ እየዞረ ነው። ለሒክማ ይንገሯት፣ እንዳትከፍትለት» አልሽ። ከዚያ ልትሄጂ ዞረሽ ተመለስሽና «ለእማ ግን እንዳይነግሩብኝ፣ ትጨነቃለች» አልሽ።

ስትሄጂ ሰኪና ወደ እኔ ዞራ «እንዲህ ያለች ልጅ አሳድገሽ ምን ያስደብቅሻል?» አለችኝ። መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን ከፍቶኝ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን መስኮቱን ከፍተሽ ሬዲዮኑን ለቀሽ ቤቱን ስታጸጂ ነበር። ያኔ ነው ጠረጴዛውን ያየሁት። ከማዕዘኑ አውጥተሽ መስኮቱ ስር አድርገሽዋል። ምሳሽን እዚያ፣ ብርሃኑ ላይ፣ ቀስ ብለሽ፣ መጽሐፍ ከፍተሽ በላሽ። ያ ጠረጴዛ ባለቤቴ ቀናው ከባቡር ጣቢያ ሥራ ጡረታ የወጣ ጊዜ ካስቀመጠው ማዕዘን ተነስቶ አያውቅም። ለካ አንቺ ሌላ ቦታ ይሻላል ብለሽ ስታስቢ ኖረሻል፤ አንድም ቀን ግን አልነገርሽኝም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ እኔ ከመምጣቴ በፊት እየጎተትሽ ወደ ማዕዘኑ ስትመልሺው አሁንም ከሱቁ ሆኜ አየሁ። ወለሉን በጨርቅ አብሰሽ የእግሩን ምልክት አጠፋሽ። ዘጠኝ ዓመት በቤቴ እንግዳ ሆነሽ ኖረሽ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስገባ ስመሽኝ «እንዴት ነበር ሳሪስ?» አልሽኝ። «ደህና» አልኩሽ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ቅጹን ሞላሁ። አሥር ጥያቄ ነው። ስድስቱን «ትችላለች» አልኩ። አራቱ ላይ «አትችልም» ብዬ ጻፍኩ። ከስር ማብራሪያ በሚለው ቦታ ላይ፣ በራሴ እጅ፣ በደንብ በሚነበብ ጽሕፈት፣ «ብቻዋን ስትሆን ለማታውቀው ሰው በር ትከፍታለች» አልኩ። ሌላ ስንት የሚጻፍ ነገር ሞልቶ ከሁሉም በላይ ያማረልሽን መረጥኩ። ምን ብጽፍ እንደማያሳልፉሽ አውቅ ነበር።

ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሳለሁ ጥራት ተቆጣጣሪ እንደነበርኩ አትረሺውም፤ ያጠብሽውን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው «ይለፍ ወይስ ይመለስ?» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። እንከን የተገኘበት ጨርቅ በጠመኔ ምልክት ይደረግበትና ለሠራተኛ በርካሽ ይሸጥ ነበር። አንዳንድ ተቆጣጣሪ ታዲያ ዓይኑ ያረፈበትን ደህናውን ጨርቅ ሆን ብሎ በጠመኔ ያሰምርበትና ለራሱ ያስቀረዋል። በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ቀን አላደረግኩትም። እንዲያውም ያደረገችውን አንዲት ሴት አጋልጬ ከሥራ አስወጥቻታለሁ፤ እያለቀሰች ስትሄድ እንኳ አላዘንኩላትም። አንቺ ላይ ያደረግኩት ግን ያንኑ ነው። ደህናውን እንከን አለው ብዬ ለራሴ አስቀረሁ።

ቢሮው ውስጥ የሆነውን ታስታውሺዋለሽ፤ ቢሆንም እኔ ልናገረው። አቶ ፀሐዩ ማብራሪያውን ሲያነቡልሽ ወደ እኔ ዞርሽ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የዘመን መቁጠሪያ እያየሁ ነበር። «እኔ አልከፈትኩም» አልሽ። «እትዬ ሰኪናን ይጠይቋት!» እሳቸውም ወደ እኔ ዞሩ። ልመልሰው የምችልበት የመጨረሻ ሰዓት ያ ነበር። እኔ ግን «የነገረችኝ ሰኪና ናት» አልኩ። «እርስዎ ካሉማ» ብለው መዝገቡን ዘጉት። አንድ ዓመት እኔ ጋ እንድትቆዪ ተራዘመ። የፈለግኩትም እሱን ነበር።

ያላሰብኩት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሰኪናን ሰላም ማለት አቆምሽ። ከቤት ስንወጣ በሩን ቆልፈሽ፣ ገፍተሽ አይተሽ፣ መንገድ ጀምረሽ ተመልሰሽ ደግሞ ትገፊው ጀመር። አንድ ቀን ልብስ እያሰጣሽ ሳለ፣ ወደ እኔ ሳታዪ፣ «እማ፣ ምናልባት ከፍቼለት ረስቼው ይሆን?» አልሽኝ። «ይረሳል አንዳንዴ» አልኩሽ። ከዋሸሁት ሁሉ የከፋው ይኼኛው ነው። ያኛውን ለድርጅቱ ነበር የዋሸሁት፤ ይኼን ለአንቺ።

ጥቅምት ላይ ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ልገባ ነው ብለሽ ሻንጣሽን ስታስተካክዪ «ኤሌክትሪኩስ?» አልኩሽ። «እኔ ለብቻ የምሆን ሰው አይደለሁም እማ። ስድስት ሆነን ነው የምንከራየው፤ በሩን ሌላ ሰው ይዘጋዋል» አልሽ። እኔ ወጥመድ አጥምጄ የያዝኩሽ መስሎኝ ነበር፤ አንቺ ግን ሄድሽ፣ የወሰድሽውም የእኔን ውሸት ብቻ ነው።

በራሴ ተነስቼ ተናገርኩ ብዬ አልዋሽሽም። ባለፈው ቅዳሜ ዘይት ልገዛ ሰኪና ሱቅ ገባሁ። ዘይቱን ከመደርደሪያው አውርዳ አልሰጠችኝም። ሁለት እጇን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ «ሶሊያና ለሒክማ ምን ብላ እንዳለቀሰች ታውቂያለሽ?» አለች። «'እናትሽ ለምን ዋሸችብኝ?' ብላታለች። እኔ! እኔ ምን ብዬ ነው የዋሸሁት? አብረን አይደለም እንዴ ያየነው?»

«ሰኪና፣ ሱቁ ውስጥ ሰው አለ» አልኩ።

«ይስማ! ይቺ የቲም፣ ወላጅ የሌላት ልጅ ናት። በእኔ ስም የቲም ልጅ በድለሽ ደግሞ ዘይት ልትገዢ ትመጫለሽ? ሰኞ ቢሮው ሄደሽ ካልተናገርሽ እኔ እሄዳለሁ፤ አደራ በላ ብዬ ስምሽን በየሰፈሩ እጠራዋለሁ።» እንዲህ ስትናገር አይቻት አላውቅም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ተቆጣሁ፣ «ምን አገባት?» አልኩ፣ ከዚያም የማለቅስበት ሰው ስፈልግ አንቺ የለሽም።

ትናንት ሰኞ ሄድኩ። አቶ ፀሐዩ ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ከአንቺ በፊት አሳድጌ ስለሸኘሁት ስለ ነቢዩ አነሱ። አንቺ ስትመጪ የወጣው ልጅ ነው፣ ሁለት ጊዜ ደውሎልኝ ከዚያ ድምፁ የጠፋው። «በእሱ ምክንያት ፈርተው ነው፤ ይገባኛል» አሉኝ። ደህና ሰበብ ነበር፤ ልይዘው እጄን ዘርግቼም ነበር። ግን አይደለም። ስለ አንቺ ፈርቼ አይደለም ቅጹን የሞላሁት። ትችያለሽ፣ ያለ እኔ ደህና ትሆኛለሽ ብዬ ስላወቅኩ ነው። ቀናው ሞቶ፣ ፋብሪካውም በቃሽ ብሎኝ፣ የሚፈልገኝ አንድ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንቺም እንደማትፈልጊኝ በሦስት ቀን ውስጥ አየሁ። ይህንኑ ነገርኳቸው። እንድጽፈውም አደረጉኝ፤ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። በመጪው ወር ሊሰጡኝ የነበሩት ሁለት እህትማማቾች ከእንግዲህ ወደ እኔ አይመጡም። አቶ ፀሐዩ ይህን ሲነግሩኝ አንገታቸውን ደፉ። ልክ ናቸው።

ከዚያ እኔ ፊት ደወሉልሽ። ስልኩን ጮክ አድርገውት ስለነበር ድምፅሽን ሰማሁ፣ ከኋላሽም የማሽኑን ጩኸት። ክፍሉ እንደተለቀቀ ሲነግሩሽ «ለሌላ ልጅ ስጡት አቶ ፀሐዩ፤ ለእኔ ቤት አይሰጥም፣ ተጽፏል እኮ» አልሽ። የተጻፈው ስህተት እንደሆነ ሊነግሩሽ ሲጀምሩ ሱፐርቫይዘር መጣ ብለሽ ዘጋሽው። ደግመው ቢደውሉ አላነሳሽም። እሳቸውም ወደ እኔ አይተው «እኔን አታምነኝም፤ እርስዎ ያበላሹትን እርስዎ ያስተካክሉ» አሉ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት ወረቀት አያይዤልሻለሁ። አንደኛው የጻፍኩት የእምነት ቃል ኮፒ ነው፤ ማኅተም አለው፣ አንብቢው። ሌላው ሐሙስ እንዲፈቀድልሽ አቶ ፀሐዩ ለፋብሪካው የጻፉት ነው፤ ነገ ፈረቃ ስትገቢ ለሱፐርቫይዘርሽ ስጪው፣ «በኋላ አየዋለሁ» እንዳይልሽ እዚያው ቆመሽ አስፈርሚው። መታወቂያሽንና ሁለት ጉርድ ፎቶ ያዢ። ከቂሊንጦ ታክሲው ስለሚቆይ ሁለት ሰዓት ላይ ውጪ። ይኸው ደግሞ ማዘዝ ጀመርኩ። ተይው፣ ታውቂዋለሽ።

ሐሙስ እኔ አልመጣም። «ከፈለጉ ይምጡ» ብለውኝ ነበር። ከዚያ ራሴን አየሁት፤ ከኋላሽ ቆሜ፣ ጣቴን ቀስሬ፣ «እዚህ ጋ ነው የምትፈርሚው» ስልሽ። ሰኪና ጠዋት መጥታ እስከ ስድስት ሰዓት አጠገቤ ልትቀመጥ ነው። እንዳልከተልሽ ነው፤ ጨርሶ አታምነኝም።

ይቅር በይኝ ብዬ አሁን አልጠይቅሽም። ብጠይቅሽ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ትመዝኚዋለሽ፤ እኔን ላለማየት ብለሽ ክፍሉን ትተዪዋለሽ፣ ወይም አሳዝኜሽ ትመጪና መፈረሙ ይቀራል። መጀመሪያ ፈርሚ። ስትፈርሚ መዝገብሽ ይዘጋል፤ በእኔና በአንቺ መካከል የተጻፈ ነገር ሁሉ በዚያው ያበቃል። ከዚያ በኋላ ወደዚህ ቤት የሚያመጣሽ ወረቀት አይኖርም። ብትመጪ ወደሽ ነው፤ ብትቀሪም መብትሽ ነው፣ ማንንም አልወቅስም።

እወድሻለሁ። ይህንን አፌን ሞልቼ ነግሬሽ አላውቅም፤ ያለመድኩት ነገር ሆኖብኝ ነው። አሁንም የምነግርሽ እንድትመለሺ አይደለም።

እስከ ሐሙስ ቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ፣
የአደራ እናትሽ
መሰለች